ጳጉሜን የተወለዱት ሜይ ሲገቡ

«ጋሼ፣ የሚላክልኝ ጄሰን የተዝረከረከ ነው፤ ሲሪያላይዘሩ ውስጥ ላጽዳው?» አለኝ አንድ ጀማሪ ፕሮግራመር። (ጄሰን ፕሮግራሞች መረጃ የሚላላኩበት የጽሑፍ ቅርጽ ነው፤ ሲሪያላይዘር ደግሞ የመጣውን መረጃ እየፈተሸ የሚያስገባው የኮድ ክፍል።) «አጽዳው» ብዬ ልሸኘው ስል እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ነገር ትዝ አለኝ።

የታካሚ መዝገብ በጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ (ፕሮግራሞች መረጃ የሚቀባበሉበትን በር መሥሪያ የፓይተን መሣሪያ) እናስገባ ነበር። ስልኩ አንዱ ጋ ጽሑፍ ነው፣ ሌላው ጋ ቁጥር። ቁጥር ከሆነ መነሻዋ ዜሮ የለችም፤ ጄሰን በዜሮ የሚጀምር ቁጥር አይቀበልማ። እሱስ ቀላል ነው። ያስቸገረን የልደት ቀን ነው። 30/02/1975 ይመጣል። ጥቅምት 30 መሆኑ ነው። ሲሪያላይዘሩ ግን ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ያነበውና ይመልሰዋል። ኤረሩ ሲበዛ አለቃችን ተቆጡ። «ፎርማት ጨምሩበት!» አሉ። ዴት ፊልድ፣ ማለትም ቀንን የሚያነበው የሲሪያላይዘሩ ክፍል፣ የተሰጡትን ፎርማቶች (የቀን አጻጻፍ ዓይነቶች) በተራ ይሞክራል፤ ወር ከቀን የሚቀድምበት ተጨመረ። ኤረሩ ቀነሰ፣ ሁሉም ደስ አለው።

05/13/1975፣ ማለትም ጳጉሜን 5 የተወለደው፣ ሜይ 13 ሆኖ ገባ። የጥቅምት 30ው አሁንም አልገባም። እሱ ዕድለኛ ነው፣ ቢያንስ ተመልሶ ይጠየቃል። ከሁሉ የከፋው 12/05/1975 ነው። ጥር 12 ነው፤ በፈረንጅ ጃንዋሪ 20፣ 1983። ሲስተሙ ሜይ 12፣ 1975 ብሎ ዝም አለ። ሰውየው ወደ ስምንት ዓመት ገደማ አረጀ። ኤረር የለ፣ ምን የለ። ነገሩ ሲታወቅ ዋናዎቹ ፋይሎች «ቦታ ያዙ» ተብለው ጠፍተዋል። የሚላከው በሁለቱም አቆጣጠር ስለነበር የቱ የሐበሻ፣ የቱ የፈረንጅ እንደሆነ ማን ይለየው?

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ። ግን ቀይ መስመር ስታዩ ትደነግጣላችሁ፤ ኤረሩን ለኤአይ ወርውራችሁ የመጣውን መለጠፍ ነው። እኔም አልፎ አልፎ አደርገዋለሁ፣ ልዋሻችሁ አልችልም።

የፊልድ ስሙ ከተለያየ፣ ስልኩ ዜሮ ካነሰው፣ ቱ ኢንተርናል ቫልዩ (ሲሪያላይዘሩ የመጣውን የሚቀበልበት ፈንክሽን) ውስጥ ሱፐርን፣ ማለትም የፍሬምወርኩን የራሱን ፍተሻ፣ ከመጥራታችሁ በፊት አስተካክሉት። የመጣውን ጄሰን ግን እንዳለ ለብቻው አስቀምጡ። አቆጣጠሩን ላኪው ራሱ ይንገራችሁ፤ ለእሱም የራሱ ፊልድ ይኑረው። ካልነገራችሁ መልሱበት፣ ይቆጣ።

ስምን ደግሞ ጭራሽ አትንኩ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በፍለጋ እንዲገናኙ ከፈለጋችሁ ፊደሉን አንድ ያደረገ ሌላ ፊልድ ጨምሩ። ባለቤቷ የጻፈችው እንደጻፈችው ይቀመጥ፤ ካርዱ ላይ የሚታተመው እሱ ነው።