ስኳሩ ሳይሆን ማሰቡ አንገሸገሸኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የስኳር ሕመም አለብኝ፤ ኢንሱሊን የጀመርኩት ገና ተማሪ እያለሁ ነው፣ አሁን ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብቻለሁ። መርፌውን ለምጄዋለሁ፣ እሱ አይደለም የከበደኝ። የከበደኝ ማሰቡ ነው። ስበላ አስባለሁ፣ ሳልበላ አስባለሁ፣ ከቤት ስወጣ አስባለሁ፣ ልተኛ ስልም አስባለሁ። ሁሉን በሥርዓቱ አድርጌ አድሬ ጠዋት ስለካ 240 ይለኛል። ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። ሰሞኑን ጭራሽ መለካቱን ትቼዋለሁ፣ ሐኪሙ ምን ይለኛል ብዬም ቀጠሮዬን ዘለልኩት። ቤተሰቦቼ «ጣፋጭ ስለምትወጂ ነው» ይሉኛል። ሰንፌ ነው ወይስ ድብርት ይዞኝ ነው? (ስሜ ይቆየኝ)

መልስ፦ እህቴ፣ አልሰነፍሽም። ይህን አስቀድሜ የምልሽ ከ240ው ይልቅ ራስሽን የምትወቅሺበት መንገድ ስላሳሰበኝ ነው።

የሌላ ሰው ቆሽት ይህን ሥራ ማንም ሳያዘው ይሠራዋል። ሰውየው ሲበላ ኢንሱሊን ይለቃል፣ ሳይበላ ሲቆይ ይቀንሳል፣ ሌሊት ተኝቶም ያስተካክላል። አንቺ ይህንኑ ሥራ በራስሽ ጭንቅላት ነው የምትሠሪው፤ ቅዳሜና እሁድ የለው፣ የዓመት ፈቃድ የለው፣ «ዛሬስ አሞኛል» ብለሽ የምትቀሪበት ቀን የለው። እንዲህ ያለ ሥራ ለዓመታት የሠራ ሰው ሰለቸኝ ቢል ማን ይፈርድበታል?

ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ1995 ዊልያም ፖሎንስኪ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ስኳር ያለባቸው ሰዎች የሚሞሉት ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ አሳትሞ ነበር። የሚጠይቀው ስለ መርፌና ስለ መድኃኒት ብቻ አይደለም። ስኳሬ ይወርድብኝ ይሆን ብሎ መስጋት፣ ከታዘዘው ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ጥፋተኛ ነኝ ማለት፣ ብቸኝነት፣ በየቀኑ በሚጠይቀው ጥረት መታከት፣ ሁሉም አለበት። ደብዳቤሽን ሳነብ ያንን መጠይቅ ሞልተሽ የላክሽልኝ ነው የመሰለኝ። ስለዚህ ይህ መታከት ከታወቀ ቆይቷል፣ ሐኪም ፊት ቢነሳ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ድብርት ነው ወይ ላልሽው፣ ሁለቱ ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። አንዲት ጥያቄ ራስሽን ጠይቂ፦ ስኳሩን ለአንድ ሳምንት ሌላ ሰው ቢሸከምልሽ ደስ ብሎሽ የምትውዪ ይመስልሻል? «እንዴታ!» ካልሽ፣ የታከትሽው በስኳሩ የመሆኑ ነገር ያመዝናል። ግን የምትወጃቸው ነገሮች ሁሉ ጣዕም ካጡ፣ እንቅልፍሽና ምግብሽ ከተዛባ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ድብርት ሊሆን ይችላል። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ድብርት ከሌላው ሰው በእጥፍ ገደማ ይበዛል፣ በሕክምና ደግሞ ይድናል። መኖር አስጠልቶሽ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ተናግረሽ ወደ ሕክምና ሂጂ።

አሁን ወደዚያ 240 እንምጣ። ሊነጋጋ ሲል ሰውነት ለመንቃት ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ይለቃል፤ እነሱ ደግሞ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጉታል። አንቺ ተኝተሽ! ማታ አንድም ነገር ሳታጠፊ ጠዋት ከፍ ብሎ ልታገኚው ትችያለሽ። እንቅልፍ ማጣት፣ ጉንፋን፣ የወር አበባ መቃረብ፣ ከሰው ጋር መጋጨት፣ ሙቀት ያገኘው ኢንሱሊን፣ እነዚህም ሁሉ ያወጡታል። ጭንቀቱ ራሱ ያወጣዋል፣ ስለዚህ በቁጥሩ መጨነቅሽ ተመልሶ ቁጥሩን ይጨምረዋል። ቁጥሩ ስለ አመልሽ የሚናገረው ነገር የለም። ሐኪሙ ግን ያስፈልገዋል፤ ጠዋት ጠዋት እንዲህ የሚሆን ከሆነ የማታው ኢንሱሊን መጠን ወይም ሰዓት መቀየር ይኖርበት ይሆናል፣ ሳትለኪ ደግሞ ይህን ማንም ሊያውቅልሽ አይችልም።

እና ምን ላድርግ ብትዪኝ፣ ኢንሱሊኑን በጭራሽ እንዳታቋርጪ። ይህን ጠበቅ አድርጌ ነው የምልሽ፤ የአንደኛው ዓይነት ስኳር ያለበት፣ ማለትም ሰውነቱ ራሱ ኢንሱሊን የማያመርት ሰው፣ ኢንሱሊን ካቆመ ደሙ ውስጥ አሲድ ይጠራቀምና በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። መለካቱን ደግሞ እንደገና ስትጀምሪ ሁሉንም በአንዴ ልያዘው አትበዪ። ጠዋት ስትነሺና ልትተኚ ስትዪ ለኪ፣ እና ደግሞ ሰውነትሽ ልክ አልመስልሽ ሲል። የቀረውን ከሐኪምሽ ጋር ትጨምሪያለሽ። የዘለልሽውን ቀጠሮ ነገ ደውለሽ አሲዢ፣ ስትገቢም ገና ከመቀመጥሽ «ቁጥሩን ማየት ፈርቼ መለካት ትቼ ነበር» በይው። ጥሩ ሐኪም ከዚህ ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ያገኛል። ሐኪሙ ከተቆጣሽ ሌላ መፈለግ መብትሽ ነው።

ቤተሰቦችሽን በተመለከተ፣ በልጅነት ጀምሮ ኢንሱሊን የጠየቀ ስኳር አብዛኛውን ጊዜ የአንደኛው ዓይነት ነው፤ የሚመጣውም የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ተሳስቶ ሲያጠፋ እንጂ ከረሜላ በመብላት አይደለም። ንገሪያቸው። ከዚያ «ስንት ሆነ?» ከማለት «እንዴት ዋልሽ?» ማለት እንደሚሻልሽም ጨምሪላቸው፤ ብዙዎቹ የሚነዘንዙት የሚሉት ጠፍቷቸው ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኢንሱሊን ትወስዳለች። አንዳንዴ ሳይታሰብ ትቆጣለች፣ ንግግሯ ይያዛል፣ ላብ ያጠምቃታል። «ተለኪ» ስላት ይብስባታል። በኋላ አታስታውሰውም። እኔም ሌሊት ትንፋሿን እያዳመጥኩ ነው የማድረው። (አባ ወራ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንደገለጹት ከሆነ ስኳሯ እየወረደ ነው። አንጎል የሚሠራው በስኳር ነው፤ ከ70 በታች ሲወርድ መንቀጥቀጥና ላብ ይመጣል፣ ከ54 በታች ሲሆን ማሰቡ ራሱ ይዛባል። በዚያ ሰዓት የሚቆጣዎት አመሏ አይደለምና አይሟገቱ፣ ቂምም አይያዙባት። መለካት ካልተቻለም አይጠብቁ። መዋጥ ከቻለች 15 ግራም ያህል ስኳር ይስጧት፦ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ፣ ወይም ውሃ ውስጥ የተበጠበጠ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር። 15 ደቂቃ ቆይታችሁ ለኩ፣ ካልወጣ ይድገሙት። ራሷን ከሳተች ግን አፏ ውስጥ ምንም አያድርጉ፣ ያንቃታል። በጎኗ አስተኝተው ግሉካጎን (የወረደ ስኳርን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት) ካላችሁ ይስጧት፣ አስቸኳይ እርዳታም ይጥሩ።

«ተለኪ» የሚለው ቃል በዚያ ሰዓት ትእዛዝ ይመስላታል። ደህና በሆነችበት ቀን ቁጭ ብላችሁ፣ ሲወርድባት ምን ብለው ቢነግሯት እንደምትቀበል እሷው ትምረጥ። እንዲህ መደጋገሙ መጠኑ መስተካከል እንዳለበት ምልክት ነውና ወደ ሐኪም አብራችሁ ሂዱ፣ ያዩትን ሁሉ እርስዎ ይንገሩት፤ እሷ አታስታውሰውም። እንቅልፍ ማጣትዎንም አይደብቁ። ከስኳር ጋር የሚኖረው የታመመው ሰው ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ አዲስ ሥራ ልጀምር ነው። ስኳር እንዳለብኝ ልናገር ወይስ ልደብቅ?

መልስ፦ ለሁሉም መናገር ግዴታህ አይደለም። ለአንድ ሰው ግን ንገር፣ አጠገብህ ለሚቀመጠው። ሲወርድብህ ምን እንደምትመስል፣ ጣፋጩን የት መሳቢያ ውስጥ እንዳስቀመጥክ፣ ራስህን ብትስት ለማን እንደሚደውል አሳየው።