ከትራሷ ሥር ያለው ዳቦ

ሐኪምዎን ይጠይቁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ቀበና ነው የምኖረው፤ 41 ዓመቴ ነው። እኔና ባለቤቴ ልጅ ስላልወለድን መስከረም ላይ የ9 ዓመት ልጅ በጉዲፈቻ ወሰድን። ከእናቷ ቤት ከወጣች በኋላ መጀመሪያ በማሳደጊያ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት በአደራ ቤተሰብ ዘንድ ነው የቆየችው። ሁለት ወር ሙሉ መልአክ ነበረች። ሳህን ታጥባለች፣ «እማዬ» ትለኛለች። ከዚያ ግልብጥ አለች። ዳቦ ትደብቃለች። ትዋሻለች። ደህና የነበረችው ልጅ አልጋዋ ላይ መሽናት ጀመረች። እኔን ትገፈትረኛለች፤ ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ደግሞ ሌላ ልጅ ናት። የገና ዕለት ብርጭቆ ሰበረች። ማንም ሳይቆጣት ቦርሳዋን አንግታ የግቢው በር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። አማቴ «ጠበል ውሰጃት» ይላሉ። ጎረቤት «ድሮም የሰው ልጅ የሰው ነው» ይላል። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ብመልሳትስ ብዬ ያሰብኩበት ሌሊት አለ። ምን ዓይነት እናት ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ይህን ያሰቡት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ከፍ ያለ ልጅ የወሰዱ ወላጆች እዚህ አራት ኪሎ፣ እኔ ፊት ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይህንኑ ነግረውኛል። ሌሊት ያሰቡት ሐሳብ ነው። ጠዋት ተነስተው ቁርሷን ሰጥተው ትምህርት ቤት አድርሰዋታል። እኔ የማየው ጠዋቱን ነው።

ግን አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ያ ቃል ከአፍዎ አይውጣ። በቁጣም በቀልድም። «ወደ መጣሽበት እመልስሻለሁ» ለሌላ ልጅ ማስፈራሪያ ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ ግን የምታውቀው ነገር ነው። በ9 ዓመቷ ሦስት ቤት ለቃለች። ለምን እንደሆነ በደንብ ያስረዳት ሰው ላይኖር ይችላል። ልጅ ደግሞ ምክንያቱ ካልተነገረው ጥፋቱን ራሱ ላይ ይጭናል። ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ የተቀመጠችው፣ ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ይባረራል ብላ ነው። ሳትባረር ቀድማ ወጣች።

አሁን ወደ ሁለቱ ወራት። እንግዳ ነበረች፤ እንግዳ ደግሞ ሳህን ያጥባል፣ እሺ ይላል። ሰው የሚያኮርፈው ቤቴ ነው ሲል ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ «የሚገለበጠው» ቤቱን መልመድ ሲጀምር ነው። መጥፎ ሆኜም ያስቀምጡኝ ይሆን ብሎ ይፈትናል። አድካሚ ፈተና ነው፤ ፈታኟም በቀላሉ አታሳልፍም።

አንድ ልጅ አስታውሳለሁ። ጫማውን ሳያወልቅ ነበር የሚተኛው። እናቱ በፀባይም በቁጣም ሞክራ አቃታት። በኋላ ተወችው፤ ጫማውን ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግለት ጀመር። ጫማውን አውልቆ ለመተኛት ከዓመት በላይ ፈጀበት።

ዳቦውን እንዲሁ ይዩት። ረሃብን የሚያውቅ ልጅ ሆዱ ሞልቶም ያስቀምጣል። ስስት አይደለም። የነገ ነገር ስለማይታመነው ነው። እና «ዳቦ ወስደሻል?» ብለው አይጠይቋት። መልሱን ያውቁታል፤ እሷ ደግሞ ትዋሻለች፤ አሁን በአንድ ዳቦ ላይ ውሸት ተጨመረ። ክዳን ያለው ትንሽ ሣጥን ይግዙላት። «ከትራስሽ ሥር ዳቦ አገኘሁ። እዚያ ይደርቃል፣ ጉንዳንም ይመጣል። ይኸው ማስቀመጫ፤ ያንቺ ነው» ይበሏት። በየማታው አብራችሁ እዩት። የደረቀውን አውጥታችሁ ትኩስ አስገቡ። ብዙዎቹ ሣጥኑ ባዶ እንደማይሆን ሲያዩ ቀስ በቀስ ይረሱታል። ቆልፈው ያስቀመጡት ምግብ ካለ ይክፈቱት።

ሽንቱ ላይ ግን ሐኪምነቴን ልጠቀም። አልጋዋ ላይ መሽናት አቁማ የነበረች ልጅ እንደገና ከጀመራት፣ ጭንቀት ነው ብሎ ከመደምደም በፊት አካሏ ይታይ። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ አልፎ አልፎም የስኳር በሽታ እንዲህ ያደርጋል። የሽንትና የደም ስኳር ምርመራ በአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ ይሠራል። በዚያው የደም ማነስ፣ የአንጀት ጥገኛ ትል፣ ጆሮና ዓይኗም ይታዩላት። «አይሰማም» እየተባለ የሚቆጡት ልጅ በእርግጥም ጆሮው የማይሰማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሁሉም ደህና ከሆነ ፍራሹ ላይ ላስቲክ ያንጥፉ፣ ቅያሪ አንሶላ አጠገቧ ያኑሩ። ፍራሹን ግን ግቢ መሐል አያስጡት። የጎረቤት ልጆች አንዴ «ሽንታም» ካሏት ሥራችን እጥፍ ይሆናል።

«ለባሌ መልአክ፣ ለእኔ ጠላት» የሚለው ነገር ቤት ሲያፈርስ አይቻለሁ። ባል ያላየውን አያምንም፤ ሚስት ያበደች ይመስላታል። እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ ቁጣቸውን የሚያወርዱት እናት በሆነችው ላይ ነው። አንድ ጊዜ እናት አጥታለች፤ ሁለተኛዋን ብወዳትና ይቺም ብትሄድስ? ገፍትሮ መቆየት ይቀላል። ባለቤትዎ ይህን አምድ ያንብቡት። ከዚያ በሳምንት ሁለት ሦስት ማታ እሳቸው ያስተኟት፤ እርስዎም ከቤት ይውጡ። እሷ ሳትፈልግ ግን አቅፈው አይያዟት። አጠገቧ ተቀምጠው ፀጉሯን ልሥራሽ ማለት ይበቃል።

ጎረቤትዎን በተመለከተ፣ ሕጉ ራሱ መልስ አለው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ የጉዲፈቻ ልጅን እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጥራል። ከትውልድ ቤተሰቧ ጋር ያላትን ዝምድናም አይበጥስባትም። ለጤናዋም የሚበጀው ይኸው ነው። ስለ ወላጅ እናቷ ስታወራ ዝም ብለው ይስሙ። ፎቶ ካለ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። በዓል ሲመጣ የምትረበሸው የጎደለው ሰው የሚታወሰው ያኔ ስለሆነ ነው። ለፋሲካ ከአሁኑ ይዘጋጁ፤ እንግዳ ይቀንሱ። ስሟንም አይቀይሩባት፣ ከቤት ይዛ የመጣችው እሱን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጠበሉን አልከለክልም። ቤተሰቡ የሚያምንበት ከሆነና ልጅቷ ካልፈራች፣ አብረዋት ይሂዱ። ጋኔን አለባት ተብሎ በሰው ፊት እንዲጮህባት፣ እንድትያዝ ወይም እንድትታሰር ግን አልስማማም። ጾም ተብሎ ምግብ መከልከልም ለዚህች ልጅ አይሆንም፤ ዳቦ የምትደብቅ ልጅ ናት።

አሁን ስለ እርስዎ። ደብዳቤዎን ሳነብ ከልጅቷ ይልቅ ያሳሰቡኝ እርስዎ ነዎት። በጉዲፈቻ እናት መሆን ላይም ድብርት ይመጣል፤ ከወሊድ በኋላ ብቻ የሚመጣ አይምሰልዎ። ሰው «እግዜር ሰጠሽ፣ ምን ጎደለሽ?» ስለሚል ብዙ ሴት ደብቃ ትኖራለች። ሳይወልዱ የቀሩት ልጅ ሐዘንም አብሮ ይነሳል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ማልቀሱ፣ ምንም ነገር ደስ አለማለቱ አብዛኛውን ቀን ይዞዎት ከሁለት ሳምንት ካለፈ ይታከሙ። ይድናል። ጤና ጣቢያው ሪፈር ይጽፍልዎታል፤ ጥቁር አንበሳ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ አማኑኤልም አለ። አማኑኤል የሚለው ስም መሳደቢያ መደረጉ ያናድደኛል። እዚያ ሰልፍ ላይ ከሚቆሙት መካከል እንቅልፍ ያጡ እናቶች አሉ።

ለልጅቷ ክኒን አልጽፍም። መተማመንን የሚያመጣ መድኃኒት የለም። ከልጆች ጋር መሥራት የሚያውቅ ባለሙያ ግን ይረዳታል፤ በተለይ የሌሊት ቅዠትና ድንጋጤ ካለባት። ለመምህሯም በአጭሩ ይንገሩ። ታሪኳን ዘርዝረው ሳይሆን «ከተቆጡባት ትደነግጣለች፤ አታንበርክኳት» ብለው።

መሞት እፈልጋለሁ ካለች፣ ራሷን ከጎዳች፣ ከቤት ከጠፋች፣ ሌላ ልጅ ላይ ከባድ ጉዳት ካደረሰች፣ ወይም ከዕድሜዋ በላይ የሆነ ወሲባዊ ነገር ካሳየች ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ቀን ይውሰዷት። የመጨረሻው ከሆነ በጥያቄ አያስጨንቋት። ደርሶባት ሊሆን ይችላል።

መቼ ይስተካከላል ካሉኝ፣ በወር አልቆጥርልዎትም። ከገና እስከ ገና ብናይ ይሻላል። ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱም ለመጀመሪያው ቀን ልጅቷን ይዘው አይሂዱ። እርስዎና ባለቤትዎ ብቻ ሂዱ። የሽንት ምርመራዋን ውጤት ይያዙ፣ እንቅልፍ ያጡባቸውን ቀናትም በወረቀት ጽፈው ይውሰዱ። ሣጥኑን ግን እስከዚያ አይጠብቁ፤ ዛሬ ይግዙት።