ሙንዎክ፦ ወደ ኋላ ስለመንሸራተት ለጠየቃችሁኝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልጆችን ዳንስ ማለማመድ ከጀመርኩ ቆየሁ። ሰሞኑን ስለ ሙንዎክ፣ ወደ ፊት የሚራመዱ እየመሰሉ ወደ ኋላ ስለሚንሸራተቱበት ዳንስ፣ ከየአቅጣጫው ጠየቃችሁኝ። እነሆ መልሴ።

ጋሼ፣ አንድ ወር ሞከርኩት። መንሸራተቱ ቀርቶ ወደ ኋላ የምራመድ ነው የምመስለው። ምን አጠፋሁ? (ከመሐል ሜዳ)

ክብደትህን በሚንሸራተተው እግር ላይ ጥለኸዋል። የብዙዎቻችሁ ችግር ይኸው ነው። ቀኝ ተረከዝህን አንሳና በጣቶችህ ቁም። መላ ሰውነትህን እሱ ይሸከም። ግራ እግርህ ወለሉን ሙሉ በሙሉ ይንካ፤ ግን ቀላል ይሁን። አሁን ግራውን ተረከዙ ሳይነሳ ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ሳበው። ቀኙን አልፎ ሲሄድ ቀኝ ተረከዝህን አውርድ፣ ግራውን አንሳ። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት! ክብደትህም አብሮ ይዙር። ከዚያ ተራው የቀኙ ነው።

የሚያይህ ሰው ተረከዙ የተነሳውን እግር ሲያይ ወደ ፊት ልትራመድ የተነሳህ ይመስለዋል። አንተ ግን ወደ ኋላ ትሄዳለህ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ራስህ ከፍ ዝቅ ካለ ግን ሁሉም ይበላሻል። ስልክህን ከጎን አስደግፈህ ራስህን ቅረጽና እየው።

ቤታችን የአፈር ወለል ነው። እዚያ ላይ ይሆናል? (ከመንዝ)

አይሆንም፣ እግርሽን ይይዘዋል። ሊሾ ወይም ሴራሚክ ያለበት ቤት ፈልጊ፤ ደረቅ ይሁን። ጫማሽን አውልቀሽ በካልሲ ጀምሪ። በላስቲክ ሶል አትድከሚ፣ የቆዳ ሶል ይሻላል። የእናንተ አገር ብርድ ደግሞ ጡንቻ ያደርቃል። ቁርጭምጭሚትሽንና ባትሽን ሳታሟሙቂ አትጀምሪ።

የፈጠረው ማይክል ጃክሰን ነው አይደል? (ከሸዋ ሮቢት)

አይደለም። ቢል ቤይሊ የሚባል አሜሪካዊ ዳንሰኛ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ መድረክ ላይ ሲሠራው በፊልም ተቀርጿል። በኋላም «ባክስላይድ» እያሉ የሚጠሩት ነበሩ። ጄፍሪ ዳንኤል በ1982 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳይቶታል፤ ማይክልን ካለማመዱትም አንዱ እሱ ነው። ማይክል «ቢሊ ጂን»ን ሲዘፍን ያሳየው በ1983 ነው፤ ዝግጅቱ የተቀረጸው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 16 ቀን 1975 ነበር። የፈጀው ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። ዓለም ያወቀው ግን በእሱ ነው፤ ይህን ማንም አይወስድበትም። የቀደሙትን ስም ግን ለልጆቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

እስክስታ ለምዶብኛል። ያደናቅፈኝ ይሆን? (ከደብረ ሲና)

እንዲያውም ይጠቅምሻል። ትከሻሽን ከወገብሽ ለይተሽ ማንቀሳቀስ ለምደሻል። አሁን ተገላቢጦሹን ሥሪ፦ ከወገብ በላይ ዝም፣ እግር ብቻ። እጅሽን ግን አታድርቂው፣ እንደ እርምጃ ይወዛወዝ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? (ከአንኮበር)

እንደ ሰዉ ነው። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃሃል። ለመንሸራተት አትቸኩል። መጀመሪያ የወንበር መደገፊያ ይዘህ፣ ካለህበት ሳትነቃነቅ፣ ተረከዝህን ብቻ አቀያይር፤ አንዱ ሲወርድ አንዱ ይነሳ። እሱ ሳታስበው ሲመጣልህ ወንበሩን ልቀቀው።