የሰረዝኩት የእናቴ የሕክምና ወረቀት ሌላ ሰርቨር ላይ ተገኘ

ጥያቄ፦ የጎንደር አዘዞ ነዋሪ ነኝ። ለእናቴ ማሳከሚያ እርዳታ ለመጠየቅ ፎቶዋንና የሆስፒታል ወረቀቷን ማስቶዶን በተባለው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አውጥቼ ነበር። እናቴ ስትሰማ በጣም ስላዘነች ወዲያው ሰረዝኩት። አንድ ጓደኛዬ ግን ጀርመን ካለ ሌላ ሰርቨር ላይ አግኝቶ በስልኩ ፎቶ አንስቶ አሳየኝ። በሕግ ላስጠፋው እችላለሁ?

መልስ፦ ማስጠፋት ይቻላል፤ መብቱ ግን በመጀመሪያ ደረጃ የእናትዎ ነው። ወረቀቱ የእርሳቸው ነው፤ የጤና መረጃ ደግሞ በእኛም በአውሮፓም ሕግ ጥብቅ ጥበቃ አለው። ይሰረዝልኝ ብለው ለዚያ ሰርቨር አስተዳዳሪ የሚልኩት ደብዳቤ በእናትዎ ስምና ፊርማ ይጻፍ፤ ካልተመቻቸው የተረጋገጠ ውክልና ይስጡዎት። ልጅ መሆን ብቻውን ውክልና አይሆንም።

ማስቶዶን እንደ ፌስቡክ አንድ ባለቤት የለውም፤ የተለያዩ ሰዎች በየራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ሰርቨሮች (ጽሑፉንና ፎቶውን የሚያስቀምጡ ኮምፒውተሮች) እርስ በርስ ተገናኝተው የሚሠሩበት ነው። ያወጡት ጽሑፍ ተከታዮችዎ ወዳሉባቸው ሰርቨሮች በቅጂ ይሄዳል። ሲሰርዙት የእርስዎ ሰርቨር ለሌሎቹ የማጥፊያ መልእክት ይልካል፤ ነገሩ ልመና እንጂ ትእዛዝ አይደለም። በዚያ ሰዓት የተቋረጠ፣ ከእርስዎ ሰርቨር ጋር ግንኙነቱን የቆረጠ ወይም መልእክቱን የማይቀበል ሰርቨር ቅጂውን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ሁሉንም ቅጂ አስጠፋልዎታለሁ የሚል ጠበቃ ቢያጋጥምዎ ገንዘብዎን በኪስዎ ያቆዩ።

የእኛ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃን የማሰረዝ መብት ይሰጣል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሆኖም ጀርመን የተቀመጠን ሰው ከዚህ ሆኖ ማስገደድ አድካሚ ስለሆነ የአገሩን ሕግ ቢጠቅሱበት ይሻላል። ከግንቦት 2010 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ በአንቀጽ 17 መረጃ እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት ደንግጓል። ደንቡ መረጃውን የያዘው አካል አውሮፓ ውስጥ መቋቋሙን እንጂ የእናትዎን ዜግነትም ሆነ መኖሪያ አይጠይቅም። ጎንደር ሆነው ይጠቀሙበታል።

የሰርቨሩ አስተዳዳሪ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ “ስለ” በሚለው ገጹ ላይ ይገኛል። የጽሑፉን ሙሉ ሊንክ በደብዳቤው ውስጥ ያስፍሩ፤ “የእናቴ ፎቶ” ብቻ ብለው ቢጽፉ ማንም ፈልጎ አያገኘውም። የሕክምና ወረቀቱን ግን አያይዘው እንዳይልኩ፤ ለማስጠፋት ብለው አንድ ቅጂ መጨመር ይሆናል። መልስ በመርሕ ደረጃ በአንድ ወር ውስጥ መሰጠት አለበት። ዝም ካሉዎት ለጀርመን የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ያለ ክፍያ አቤት ማለት ይቻላል።

እዚሁ አገር ውስጥ ፎቶውን የሚያሰራጭ ሰው ካለ መንገዱ ይቀላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 27 እስከ 29 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማውጣትን ይከለክላል፤ እንዲቆም ተጠይቆ ወዲያው ያላቆመ ሰው የሕሊና ጉዳት ካሳ ሊከፍል ይችላል። በጽሑፍ ያስጠንቅቁትና የማስጠንቀቂያውን ቅጂ ያስቀምጡ። ጓደኛዎም በስልኩ ያነሳውን ፎቶ ለማስረጃ ሰጥቶዎት ከራሱ ስልክ ያጥፋው።