ጥያቄና መልስ፦ ቼይኑ የለቀቀው ቤት

ከሜሪላንድና ከሰሜን ቨርጂኒያ አንባቢዎቻችን በየፕላዛው ስለሚከፈቱትና ስለሚዘጉት ቼይን (በአንድ ስም ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው) ሬስቶራንቶች ከላኩልን ጥያቄዎች ሦስቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ያለው የባሕር ምግብ ቼይን ቅዳሜና እሁድ ቦታ አይገኝበትም ነበር። አንድ ጠዋት ስናልፍ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየን። ሰው እየበላበት እንዴት ይዘጋል? (አንባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ኪራይ የሚከፈለው ለሠላሳው ቀን ነው። ቅዳሜና እሁድ ሞልቶ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባዶ የሚውል ቤት ኪራዩን አይችልም። ትልልቆቹ ቼይኖች ላይ ደግሞ ከምግቡ ጋር የማይገናኝ ጣጣ አለ። የባሕር ምግብ ቼይኑ ሬድ ሎብስተር በሜይ 2024 የኪሳራ ከለላ (ከባለዕዳዎቹ የሚጠብቅ የፍርድ ቤት ጥበቃ) ሲጠይቅ ሰው ሁሉ ያወራው በ20 ዶላር እስኪጠግቡ ስለሚበላው ሽሪምፕ ነበር። ሽሪምፑ በእርግጥ ጎድቶታል። ነገር ግን ኩባንያው በ2014 በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ ሬስቶራንቶቹ የቆሙባቸው ብዙዎቹ ቦታዎች በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ለሌላ ድርጅት ተላልፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ በገዛ ቤቱ ተከራይ ሆነ ማለት ነው። በ2023 ብቻ ለኪራይ ከ190 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፤ ከዚህ ውስጥ 64 ሚሊዮን ያህሉ ገበያቸው ለደከመ ቅርንጫፎች የተከፈለ ነው።

ድንገት የተዘጋ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ከለላ የጠየቀ ኩባንያ የትኛውን የኪራይ ውል ይዞ የትኛውን እንደሚጥል ለመወሰን 120 ቀን አለው፤ ፍርድ ቤት 90 ቀን ሊጨምርለት ይችላል። የእናንተ ሰፈር ቅርንጫፍ በውሉ ውድነት ብቻ ከተጣሉት መካከል ሊሆን ይችላል።

የወረደ ታፔላ ሁሉ ግን ኪሳራ አይደለም። በ2006 ሮክቪል ውስጥ የተጀመረው የምግብ ቤት ቼይን ካቫ በ2018 ዞዪስ ኪችን የተባለውን ሌላ ቼይን ገዝቶ፣ በቀጣዮቹ ዓመታት ብዙዎቹን ቤቶች ወደ ካቫ ቀይሯቸዋል።

ጥያቄ፦ ፌርፋክስ አካባቢ ቼይን የለቀቀው 5,000 ስኩዌር ፊት ቤት አግኝተናል። አከራዩ «ወጥ ቤቱ የተሟላ ነው፣ ገብታችሁ መሥራት ነው» ብለውናል። የሐበሻ ምግብ ቤት ልንከፍትበት ነው። ከመፈረማችን በፊት ምን እንይ? (ባልና ሚስት፣ አሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። በፕላዛዎች የተለመደው ውል ትሪፕል ኔት የሚባለው ነው፤ ከኪራዩ በላይ የሕንፃውን ግብር፣ ኢንሹራንስና የጋራ ወጪ እናንተው ትከፍላላችሁ። ለምሳሌ ኪራዩ በስኩዌር ፊት በዓመት 35 ዶላር፣ ተጨማሪው 12 ዶላር ቢሆን ዓመታዊው ወጪ 235,000 ዶላር ነው። በወር ወደ 19,600 ይመጣል። ይህ ወጪ ከጠቅላላ ሽያጭ ከ10 በመቶ ካለፈ ቤቱ ይከብዳል። ስለዚህ በቀን 6,500 ዶላር ገደማ መሸጥ ይኖርባችኋል፤ አንድ ሰው በአማካይ 25 ዶላር ቢከፍል በየቀኑ፣ ማክሰኞንም ጨምሮ፣ 260 ሰው ማለት ነው። ይህን ያህል ሰው የማትጠብቁ ከሆነ ቤቱ ተከፋፍሎ አነስ ያለው ክፍል እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ ካልሆነም ተዉት። ቼይኑን ያስወጣው ይኸው ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ወደ ላይ አንጋጡ። የጭስ መሳቢያው፣ ሁድ የምንለው፣ ታይፕ ዋን መሆኑን አረጋግጡ። ሥጋ ለሚጠብስና ቅባት ለሚያበስል ቤት የሚፈቀደው እሱ ነው፤ ታይፕ ቱ ለእንፋሎትና ለሙቀት ብቻ ነው። ሳንድዊች ቤት የነበረ ቦታ ብዙ ጊዜ ጨርሶ ሁድ የለውም። እስከ ጣሪያ አዲስ መዘርጋት ደግሞ በአስር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ሥራ ነው። ሁዱ ካለ የእሳት ማጥፊያው ዩኤል 300 የሚባለውን ደረጃ ማሟላቱንና በላዩ የተንጠለጠለው የምርመራ ካርድ ከስድስት ወር ያላለፈው መሆኑን እዩ። ከዚያ ፋኑን አስነሱ። ቀጭን ወረቀት ወደ ማጣሪያው ስታስጠጉ ተስቦ መለጠፍ አለበት። ፋኑ እየሠራ የፊት በሩን ለመክፈትም ሞክሩ። እንደ ተጣበቀ ሆኖ በጉልበት ከተከፈተ፣ የወጣውን አየር የሚተካው መሣሪያ አይሠራም። ያን ጊዜ ጭሱ ወደ ደንበኛው ይመለሳል፣ በክረምትም ቤቱ አይሞቅም።

ወደ ታችም እዩ። የግሪስ ትራፑን፣ ከወጥ ቤት የሚወጣውን ቅባት ከፍሳሹ የሚለየውን ሣጥን፣ ክዳን አስከፍቱ። ቅባቱና ዝቃጩ የጥልቀቱን ሩብ ሲሞላ መጠረግ ነበረበት፤ ያለፈውን ዓመት የጠረጋ ደረሰኝ ጠይቁ። ደረሰኝ ከሌለ ቱቦው ውስጥ የረጋ ቅባት ይጠብቃችኋል። የእኛ ቅቤና ዘይት ሲጨመርበት መጀመሪያ በተጨናነቀው ምሽት ላይ ይዘጋል። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ቱቦው በካሜራ እንዲታይ አድርጉ።

ስለ ምጣዱ ማንም አከራይ አይነግራችሁም። ብዙ የንግድ ሕንፃዎች የሚያገኙት 208 ቮልት ነው። ለ240 ቮልት የተሠራ ምጣድ 208 ላይ ሲሰካ ከሙቀቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይዘገያል፣ ሊጡ ላይ ይፈረዳል፤ ሊጡ ግን ምንም አልሆነም። ኤሌክትሪክ ባለሙያው ቮልቱን ለክቶ በጽሑፍ ይስጣችሁ፣ ምጣዱንም በዚያ ልክ እዘዙ።

ቡናችሁንም አስቡበት። በፕላዛው ውስጥ ያለ ሌላ ተከራይ ቡና የመሸጥ ብቸኛ መብት በውሉ ይዞ ሊሆን ይችላል። አከራዩ እንዲህ ያለ ገደብ አለመኖሩን በጽሑፍ ያረጋግጡላችሁ፤ ካለም ጀበና ቡና በስም ተጠቅሶ ከገደቡ ውጪ ይደረግ። በመመገቢያው አዳራሽ ውስጥ ቡና መቁላትንና ዕጣንን በተመለከተ የእሳት አደጋ ቢሮውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሠርግ የመጣ እንግዳ ፊት ደወል ሲጮህ ማየት ያሳዝናል።

የቀሩትን በአጭሩ። ቤቱ ውስጥ የተተወው ማቀዝቀዣና ምድጃ የባንክ ወይም የኪራይ ድርጅት መያዣ ሊሆን ስለሚችል ጠበቃችሁ ያጣራ። ከ49 ሰው በላይ ለመያዝ ሁለት መውጫ ያስፈልጋል፤ በመመገቢያው ክፍል አንድ ሰው በ15 ስኩዌር ፊት ይሰላል። የቀድሞው ተከራይ የመጠጥ ፈቃድ የእናንተ አይሆንም። ኪራዩ መቆጠር የሚጀምረው ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ) ከወጣ በኋላ እንዲሆን ተከራከሩ፤ የጤና ቢሮው የወጥ ቤቱን ፕላን እስኪያጸድቅ ወራት ሊሄዱ ይችላሉ። በግል የምትፈርሙት ዋስትና ደግሞ በ12 ወር ኪራይ ይገደብ። አሥር ዓመት ሙሉ ዋስ ሆኖ መፈረም መኖሪያ ቤትን አሲዞ መክፈት ነው፤ እዚህ ላይ አትለሳለሱ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የአንድ ሳንድዊች ቼይን ፍራንቻይዝ (በቼይኑ ስም ቅርንጫፍ የመክፈት መብት) ሊገዛ ነው። ስንቱ እንደተዘጋ ሻጮቹ አይናገሩም። እንዴት ማወቅ ይቻላል? (አንባቢ፣ ዉድብሪጅ)

መልስ፦ መናገር ግዴታቸው ነው። ፍራንቻይዝ የሚሸጥ ድርጅት 23 ክፍሎች ያሉት የመግለጫ ሰነድ ወንድምዎ ከመፈረሙ ወይም ከመክፈሉ ቢያንስ 14 ቀን በፊት እንዲሰጠው የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል። ወንድምዎ 20ኛውን ክፍል በቅድሚያ ይክፈተው። እዚያ የሦስት ዓመት ሠንጠረዥ አለ፦ ስንት ተከፈተ፣ ስንት ተዘጋ፣ ስንቱ ውል ተቋረጠ። ወደ ሌላ ባለቤት «የተላለፈ» የሚለውን፣ ለብቻው የተቀመጠውን ሠንጠረዥም አይዝለል። አንድ ሱቅ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ባለቤት ቢቀያይር እንደ ተዘጋ አይቆጠርም፤ ግን ሦስት ቤተሰብ ገንዘቡን እዚያ አፍስሶ ሊሆን ይችላል።

7ኛው ክፍል መነሻ ወጪውን ያሳያል። 19ኛው ስለ ገቢ ነው፣ እሱን ግን መሙላት በፈቃዳቸው ነው። ሮያሊቲ፣ ለቼይኑ በየጊዜው የሚከፈለው ድርሻ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰላው ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ መሆኑን ይያዝ፤ ሱቁ በከሰረበት ወርም ይከፈላል።

ያው 20ኛው ክፍል ባለፈው ዓመት የወጡትን ባለቤቶች ስም፣ ከተማና ስልክ ይዘረዝራል። አምስቱን ደውሎ ያነጋግር። የቀን ሽያጫቸውን፣ የሠራተኛ ወጪያቸውንና ሲወጡ ስንት ዕዳ እንደቀረባቸው ይጠይቃቸው።