«ሪትራይ» ጥያቄውን ለምን ደግሞ አይልክም?

ጥያቄ፦ በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ በሚያስኬደው ፕሮግራም) የጻፍኩት ሰርቨር ወደ አንድ የክፍያ አገልግሎት የኤችቲቲፒ ጥያቄ ይልካል። ጥያቄውን የሚልከውን «ፌች» በአርኤክስጄኤስ (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ነው) «ፍሮም» ጠቅልዬ፣ ሲከሽፍ «ሪትራይ» ሦስት ጊዜ እንደገና እንዲሞክር አድርጌያለሁ። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ግን ስህተቱ ወዲያው ይመጣል፤ የተላከውም አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ችግሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ «ሪትራይ» ሥራውን እየሠራ ነው። ስህተት ሲመጣ ከበላዩ ያለውን ኦብዘርቫብል (ውጤት ወይም ስህተት የሚልክ ምንጭ) እንደገና ሰብስክራይብ ያደርጋል፣ ማለትም ውጤቱን ለመቀበል ይመዘገባል፤ ከዚህ ያለፈ ተግባር የለውም። እርስዎ ግን «ፌች»ን የጠሩት ገና ማንም ሰብስክራይብ ሳያደርግ ነው። ጥያቄው ያን ጊዜውኑ ወጥቷል፤ «ፍሮም» የተረከበው ውጤቱን የሚይዘውን ፕሮሚስ ብቻ ነው። ፕሮሚስ ደግሞ አንዴ ከከሸፈ ስንት ጊዜ ቢጠይቁት ያንኑ ክሽፈት ይመልሳል። አራት ጊዜ (የመጀመሪያውና ሦስቱ ድግግሞሾች) ሰብስክራይብ ተደርጎ አንድ ጥያቄ ብቻ የተላከው በዚህ ምክንያት ነው።

«ፍሮም»ን በ«ዲፈር» ይተኩ፤ የሚሰጡትም «ፌች»ን የሚጠራ ፈንክሽን ይሁን። ፈንክሽኑ በእያንዳንዱ ሰብስክራይብ ስለሚጠራ በየሙከራው አዲስ ጥያቄ ይወጣል። ኖድ 18 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ካለዎት ግን እኔ የምመርጠው የአርኤክስጄኤሱን «ፍሮምፌች» ነው። እርሱም ሰብስክራይብ እስኪደረግ ይጠብቃል፤ በዚያ ላይ «ታይምአውት» ካከሉበት የሰጡት ጊዜ ሲያልቅ በመንገድ ላይ ያለውን ጥያቄ ያቋርጠዋል። በ«ዲፈር» የተጠቀለለ ተራ «ፌች» ይህን አያደርግም፤ እርስዎ ትተውት ጥያቄው ይቀጥላል።

ከዚህ በኋላም 503 (አገልግሎቱ ለጊዜው አይገኝም የሚል የሰርቨር ምላሽ) ሲመጣ ድግግሞሹ አይነሣም፤ «ፌች» ምላሽ እስካገኘ ድረስ 503ንም እንደ ስኬት ይቆጥራልና። የምላሹን «ኦኬ» ይመርምሩና ሐሰት ከሆነ ስህተት ይወርውሩ። ምርመራው የግድ ከ«ሪትራይ» በላይ ይቀመጥ፤ ከበታቹ ከሆነ ስህተቱን አያየውም። በሙከራዎቹ መካከልም እንዲጠብቅ ለ«ሪትራይ» «ዲሌይ» ይስጡ፤ የተጨናነቀን ሰርቨር ያለ እረፍት መጎትጎት ጭነቱን ያባብሳል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጥያቄው ክፍያ መሆኑ ነው። ግንኙነቱ የተቋረጠው ገንዘቡ ከተቀነሰ በኋላ፣ ምላሹ ሲመለስ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ድግግሞሹ ደንበኛውን ሁለት ጊዜ ያስከፍለዋል። አገልግሎቱ ድግግሞሽን የሚለይበት ቁልፍ ይቀበል እንደሆነ ሰነዱን ይመልከቱ። የሚቀበል ከሆነ ቁልፉን ከ«ዲፈር» ፈንክሽን ውጭ አንድ ጊዜ ብቻ ይፍጠሩ፤ ውስጥ ከፈጠሩት በየሙከራው አዲስ ስለሚሆን ጥበቃው ከንቱ ይቀራል። የማይቀበል ከሆነ «ሪትራይ»ን ከዚህ ጥያቄ ላይ ያንሡትና ከመድገምዎ በፊት የክፍያውን ሁኔታ ይጠይቁ።