የሳንባ ማክሮፋጅና ቲቢ፦ ያላችሁን ጠይቁ

ቲቢ ባክቴሪያና የሳንባ ማክሮፋጅ (ጀርም የሚውጥ የመከላከያ ሴል) ላይ ነው የምሠራው። ሌላውን ጠይቁኝ፣ ግን ብዙ አትጠብቁ። ከወዲሁ ልናገር፦ የጓጎለ ባክቴሪያ ለሴል አትስጡ!

ሄለን፦ ዶክ፣ ለአንድ ማክሮፋጅ አንድ ባክቴሪያ ሂሳብ ነው የምሰጠው። ውጤቴ ግን በየሙከራው ይለያያል።

መልስ፦ ይኸው! የቲቢ ባክቴሪያ ሽፋኑ ሰም ነው፤ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ይጓጉላል። አንቺ በፈሳሹ ድፍርስነት አስልተሽ «አንድ ለአንድ» ትያለሽ። አንዱ ማክሮፋጅ ሃያውን ባንድ ጊዜ ይውጣል፣ ጎረቤቱ ጦሙን ያድራል። ሃያ የዋጠው ቶሎ ሲሞት ደግሞ «ባክቴሪያው ኃይለኛ ነው» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ስታሳድጊው ትዊን 80 (መጣበቅን የሚቀንስ እንደ ሳሙና ያለ ነገር) ጨምሪበት። ለሴል ከመስጠትሽ በፊት ግን እጠቢው፤ ትዊን ራሱ ሴሉን ይነካል። በቀጭን መርፌ ደጋግመሽ አሳልፊው። ቀስ ባለ ፍጥነት ሴንትሪፊውጅ አድርጊና ከላይ ያለውን ብቻ ውሰጂ። ከሰጠሽውም ላይ ቀንሰሽ የዚያኑ ቀን ፕሌት (ባክቴሪያ ማብቀያ ሳህን) ላይ ዝሪ። ኮሎኒው (በዓይን የሚታየው የባክቴሪያ ክምር) ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፤ ቢሆንም ያሰብሽውን ሳይሆን የበቀለውን ጻፊ። ሕያው ቲቢ ከሆነ ይሄ ሁሉ ለአደገኛ ጀርም በተሠራ የደህንነት ደረጃ 3 ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከሌለሽ በቢሲጂ (ለክትባት በተዳከመው የቲቢ ዘመድ) ሥሪ።

ቢኒ፦ የሳንባ ሴልና ባክቴሪያ ጥናት እንዴት ይጀመራል?

መልስ፦ የትኛው ሴል? የትኛው ባክቴሪያ? ለይተህ ና።

ዮናስ፦ ለማክሮፋጅ ምትክ ቲኤችፒ-1 ሴል ላይን (ላብራቶሪ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚራባ የሰው ሴል) አይበቃም?

መልስ፦ ለልምምድ ይበቃል። ከደም ካንሰር የመጣ ሴል ነው፤ ሳንባ አይቶ አያውቅም።

ሰናይት፦ እኛ የአይጥ ሳንባ አጥበን ነው የምናወጣው። ማክሮፋጁን ሽፋኑ ላይ ባሉት ፕሮቲኖች፣ በሲግሌክ-ኤፍና በሲዲ11ሲ እንለየዋለን።

ዮናስ፦ የሰው ማክሮፋጅ ሲግሌክ-ኤፍ የለውም እኮ! አይጥ ሰው አይደለም።

ሰናይት፦ ታዲያ አንተ ሳንባህን ታሳጥብልናለህ?

ዮናስ፦ ብሮንኮስኮፒ (ሳንባን በቱቦ ማየት) የሚደረግላቸውን ሕመምተኞች ፈቃድ መጠየቅ ነዋ።

ሰናይት፦ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ስንት ወር እንደምትጠብቅ ታውቃለህ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ በቃ። ሰናይት፣ የአይጡን ስታጥቢ ፒቢኤሱ (ማጠቢያው የጨው ፈሳሽ) ላይ ኢዲቲኤ (ካልሲየም የሚይዝ፣ ሴል የሚያላቅቅ ኬሚካል) ጨምሪ፤ ካለዚያ ማክሮፋጁ ተጣብቆ ይቀርብሻል። የባክቴሪያውን መጓጎልም አትርሺ።

ማርታ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። የኮሎኒ ቁጥሬ በየጊዜው ይለያይብኛል፤ ምን ይሆን?

መልስ፦ ለሄለን የመለስኩትን አንብቢ። ጓጉሎብሽ ነው።

ማርታ፦ በማይክሮስኮፕ አየሁት፣ አልጓጎለም።

መልስ፦ በስንት ሌንስ?

ማርታ፦ በ10።

መልስ፦ ዚል ኔልሰን (የቲቢ ባክቴሪያን ቀይ የሚያደርግ ማቅለሚያ) ሠርተሽ፣ በ100 ከዘይት ጋር እይውና ተመለሺ።